ያላየኋቸው ፊቶች

መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት ሰቆጣ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ክሊኒክ ካርድ ክፍል ተቀጠርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ ቤት ተቀምጬ ነበር። አባቴ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም፤ እናቴና ሁለት ታናናሽ እህቶቼ የእኔን እጅ ነበር የሚያዩት። የቅጥር ደብዳቤው የደረሰኝ ዕለት እናቴ ደጃፋችን ላይ ቆማ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ካርድ ክፍል ማለት አንድ መስኮት፣ አንድ ወንበርና እስከ ጣሪያ የደረሰ የእንጨት መደርደሪያ ነው። ሕመምተኛው ጎንበስ ብሎ ስሙን፣ ዕድሜውንና ቀበሌውን ይነግረኛል። አዲስ ከሆነ ካርድ እጽፍለታለሁ፤ ነባር ከሆነ ካርዱን ፈልጌ አወጣለሁ። ይኸው ነው። ጠዋት የጻፍኩትን ከሰዓት እጽፈዋለሁ፤ የዛሬው የትናንቱ ነው። በዚያች መስኮት ከሰው የሚታየኝ ከደረቱ በላይ ብቻ ነበር። ዕድሜው ሲጠየቅ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ የሚያስበውን፣ ሕመሙን በከንፈሩ ነክሶ የያዘውን፣ የልጇን ስም ስትናገር የምታፍረዋን፣ ሁሉንም እንደ ፎቶ በአራት ማዕዘን ውስጥ ነበር የማያቸው። የሰው ፊት አስተውዬ ማየት የጀመርኩት እዚያ ነው።

የአባቴ ሙት ዓመት ሲደርስ እናቴ የቀበሌ መታወቂያውን ከሣጥን አውጥታ አመጣችልኝ። ከእሱ የቀረን ፎቶ እሱ ላይ የተለጠፈው ብቻ ነበር።

"ይህን ማሳደግ ይቻል ይሆን?" አለችኝ።

ለማሳደግ ደሴ ወይም መቀሌ መላክ ያስፈልግ ነበር። ደግሞም የቀበሌው ማኅተም በፎቶው ላይ አርፎ አንዱን ዓይኑን ሸፍኖታል። ከልጅነቴ ጀምሮ ደብተሬን በሥዕል ማበላሸት ልማዴ ስለነበር "እኔ ልሞክረው" አልኩ። ከአንድ ነጋዴ ሱቅ ትልቅ ነጭ ወረቀትና እርሳስ ገዝቼ ሦስት እሑድ ሠራሁበት። ከማኅተሙ ሥር ያለውን ዓይን ከትዝታዬ አወጣሁት። በሙት ዓመቱ ዕለት ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንግዳው ሲገባ፣ የአባቴ እህት በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ከዚያ "ወንድሜ፣ ምነው ዝም አልከኝ?" ብላ የለቅሶውን ቀን እንደ አዲስ ጀመረችው።

በሳምንቱ አንድ ጎረቤታችን የሚስቱን መታወቂያ ይዞ መጣ። ከእሱ ቀጥሎ ሌላ ሰው፤ ከዚያም ሌላ። እንዲህ ብዬ ሳላስበው ሁለተኛ ሥራ ያዝኩ።

ወረቀትና እርሳስ የምገዛው ከዚያው ነጋዴ፣ ከሐጂ ነበር፤ ሱቃቸው ገበያው አፍ ላይ ነው። የሥዕል መሸፈኛውን መስተዋትም እሳቸው ያስመጡልኛል፤ ፍሬሙን የሰፈራችን አናጢ ይሠራዋል። ምሳ ሰዓት ላይ ከሱቃቸው ጀርባ ባለች ጥላ ሥር እንድሠራ ፈቀዱልኝ። ገቢው ከደመወዜ ጋር ተደምሮ እህቶቼን ትምህርት ቤት አቆየልኝ። ግን እኔ በእርሳሱ የፈለግሁት ሌላ ነበር። በሕይወት ያለ ሰው መሣል እፈልግ ነበር። ገበያውን፣ ፍየል የሚጎትተውን፣ የሚሳሳቀውን።

አንድ ጊዜ መኪና ተራ ሻይ የምትሸጥ ቆንጆ ልጅ ሥዬ ሐጂ ሱቅ ውስጥ ሰቀልኳት። ሥዕሉ ጥሩ ነበር፤ እስካሁን ድረስ እንደዚያ የወጣልኝ የለም። ሰው እየገባ ያየዋል፤ ራሱን ይነቀንቃል፤ "ነፍስ ይማር! መቼ ነው የሞተችው?" ይላል። በአሥራ አምስተኛው ቀን ልጅቷ ራሷ እያለቀሰች ሱቁ ውስጥ ገባች።

"አውርዱልኝ! እናቴ ሰምታ ታመመች! ሰው ሁሉ እንደ ሙት እያየኝ ነው!"

አወረድኩት። ሐጂ ሳቃቸውን ውጠው "አየህ ልጄ፣" አሉኝ፣ "በሕይወት ያለ ሰው ሥዕል ምን ያደርግለታል? ራሱ አለ። አንተን አላህ ለሌሉት ነው ያደረገህ።"

ለማጽናናት ነበር ያሉት። እኔ ግን እንደ ፍርድ ነበር የሰማሁት።

በዚያው ዓመት ክረምት ሲወጣ፣ አንዲት እናት ከዋጉ ዝቋላ ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ደረሱ። አማርኛቸው ብዙ አልነበረም። እኔም የእናቴ ቋንቋ ስለሆነ በኽምጣኛ ሰላም አልኳቸውና ምን እንዳመማቸው ጠየቅኋቸው።

"እኔን አላመመኝም" አሉ። "ልጄን እንድትሥልልኝ ነው።"

ልጃቸው ጨው ሊገዛ ኮረም ሄዶ ገበያ ላይ ታፈሰ፤ ወታደር ሆነ። መጀመሪያ አንድ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ዝም። ጦሩ ሲበተን የሌሎች ሰዎች ልጆች እየተጎተቱም ቢሆን ገቡ፤ የእሳቸው ልጅ አልገባም። አብሮት የነበረ አንድ ሰው "ወድቋል" አላቸው። ተዝካሩን ሊያወጡለት ነው።

"ፎቶውን አምጥተዋል?" አልኳቸው።

"ፎቶ የለውም። እኔ እነግርሃለሁ፤ አንተ ሣለው።"

አይሆንም ማለት ነበረብኝ። ሦስት ጊዜ "አይቻልም፣ እናቴ" አልኳቸው። ከኋላቸው ወረፋው ያጉረመርማል። እሳቸው ግን መስኮቱን በሁለት እጃቸው ይዘው "መንገዱ ረጅም ነው" ብቻ አሉ። ልመና አልነበረም፤ የመንገዱን ርዝመት ነው የነገሩኝ።

ለስምንት ቀን ከተማ ውስጥ ዘመድ ጋር ተቀምጠው፣ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ሐጂ ሱቅ ጀርባ እየመጡ ነገሩኝ። አፍንጫው እንደ አጎቱ ቀጥ ያለ ነው። ዓይኑ ትልቅ ነው። ጆሮው ወደ ጭንቅላቱ ተጠግቷል። እሥላለሁ። እሳቸው ያዩና "ይህ የሰው ልጅ ነው፤ የእኔ አይደለም" ይላሉ። በላጲስ አጠፋለሁ። ወረቀቱ በመፋቅ ብዛት ሳስቶ ተቀደደ፤ አዲስ ወረቀት ወሰድኩ። ግንባሩ ላይ ስንደርስ "ሰፊ ነው፤ ሲያስብ በመሃሉ አንድ መስመር ይወጣል" አሉኝ። እኔ የምሠራበት ምንም አልነበረኝም። ሐጂ ከሚሸጡት የፊት መስተዋት አንዱን አንሥቼ የራሴን ግንባር አይቼ ሣልኩ። አፉንም ከራሴ ወሰድኩ።

በስምንተኛው ቀን ሥዕሉን አዙሬ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ጣታቸውን ጠርገው የወረቀቱን ጉንጭ ነኩ።

"እሱ ነው" አሉ።

እሱ እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ። ግን ምን ልበል? ሥዕሉን በሰሌን ጠቅልለው ተሸክመውት ሄዱ።

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ነበር የደረሰው። ፎቶ የሌለው ሁሉ መምጣት ጀመረ። ከጋዝጊብላ፣ ከኒሯቅ፣ ስሙን ከማላውቀው ሸለቆ ሁሉ። የገበያ ቀን ሲሆን የካርድ ክፍሉ ወረፋ እስከ ግቢው በር ይደርሳል፤ ግማሹ ታሞ አይደለም። በጠና የታመመ ሰው ቃሬዛ ላይ ተኝቶ ሲጠብቅ፣ ከፊቱ የቆመው ስለ ሟች ወንድሙ ቅንድብ ይነግረኛል። ሥዬ ሥዬ ሲደክመኝ መስተዋት አነሣለሁ። ቀስ በቀስ የእኔ ግንባር፣ የእኔ አፍ፣ አንዳንዴም አገጬ በዋግ ተራሮች ውስጥ ቤት ለቤት ተሰቀለ። ለማላውቃቸው ሙታን ሁሉ ፊቴን አበደርኩ።

ኃላፊያችን ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ለሥራው የሚጨነቅ፣ ቀጥተኛ ሰው ነበር። ሁለት ጊዜ በአፉ ነገረኝ፤ በሦስተኛው ጠርቶ ደብዳቤ ሰጠኝ።

"መስኮቱ የሕመምተኛ ነው" አለኝ። "ሥዕልህን አልጠላሁም። ግን ወይ ይህን ሥራ፣ ወይ ያንን።"

እውነቱን ነበር። እኔም ለመተው አስቤ ነበር። ግን የቱን? ሥዕሉ ብቻውን አያኖረንም፤ ዝናብ ጠፍቶ እህል የተወደደ እንደሆነ ሰው ሥዕል አያሠራም። ካርድ ክፍሉን ይዤ ሥዕሉን ብተውስ? ይህን ለእናቴ ነገርኳት።

"ከዝቋላ በእግሩ የመጣ ሰው ደጅህ ቆሞ አይሆንም ትለዋለህ?" አለችኝ። "በየት በኩል ቤተ ክርስቲያን ልገባ ነው ከዚያ በኋላ?"

"እማ፣ የምሥለው እኮ እነሱን አይደለም። ውሸት ነው።"

"አንተ ምን አገባህ? እነሱ እሱ ነው ካሉ እሱ ነው።"

እንዲህ ሆኜ ሦስት ዓመት ያህል ቆየሁ። ቀን መስኮቷ ውስጥ፣ ምሳ ሰዓት ሐጂ ጓሮ። ቅዳሜና እሑድ የሚባል አልነበረኝም። ሥራ ለቅቄ ወደ አዲስ አበባ ሄጄ ሥዕል ልማር ብዬ አንድ ማመልከቻ ጽፌ ነበር፤ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ሲታጠፍ ሲዘረጋ በማጠፊያው ላይ ተበጣጠሰ።

ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት፣ ወረፋው ረጅም ነበር፤ ቀና ሳልል ነበር የምጽፈው።

"ስም?"

አንድ ስም ነገረኝ።

"የት ነው የመጡት?"

"ዝቋላ።"

"ከዚህ በፊት ካርድ አለዎት?"

"ካርድ የለኝም" አለ። "ሥዕል ግን አለኝ።"

ቀና አልኩ። ከስቶ የጠቆረ፣ የፊት ጥርሶቹ የወላለቁ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው። ግንባሩ ጠባብ ነው። መጀመሪያ አላወቅሁትም፤ እንዴት ላውቀው? አይቼው አላውቅም። ስሙን በልቤ ደግሜ ስጠራው ግን እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ያንን ስም ከሥዕሉ ሥር በውብ ፊደል የጻፍኩት እኔ ነኝ።

"አንተ ነህ የገደልከኝ?" አለኝና ፈገግ አለ። ፈገግታው ግን ቶሎ ጠፋ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሐጂ ጓሮ ተቀምጠን ነገረኝ። ጦሩ ሲበተን ወደ ሱዳን ሸሸ። ገዳሪፍ ውስጥ ጥጥ ለቀመ፤ ታመመ፤ ታሠረ፤ ተፈታ። ሲመለስ እናቱ አቅፋው ወደቀች፤ አገሩ ተሰብስቦ ጨፈረለት። አንድ ወር እንዲህ ሆነ። ከዚያ እናቱ እሱንና ግድግዳውን ማየት ጀመረች።

"ትመግበኛለች፣ ታጥበኛለች" አለኝ። "ግን ታየኝና ዞር ብላ ሥዕሉን ታያለች። 'ልጄ ግንባሩ ሰፊ ነበር' አለችኝ ባለፈው። ጎረቤቱም ይንሾካሾካል። ሌላ ሰው ነው የሚሉ አሉ። ተዝካሬን በልተዋላ! መሬቱም ለአጎቴ ልጆች ሄዷል። ጠይቄ ነበር፤ 'የሞተው ነህ ወይስ ሌላ?' አሉኝ።"

"ምን ላድርግልህ?" አልኩት።

"ና። እናቴ እያየች ሣለኝ።"

ኃላፊውን አምስት ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ። ሠራተኛ አንሷል፣ ወባ ገብቷል፣ አይሆንም አለኝ። ልክ ነበር። እኔ ግን በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ከሰውየው ጋር ወጣሁ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ብርዱ እየቀረ ሙቀቱ እየበረታ ሄደ። የማሽላው አገዳ በእርሻው ላይ ደርቆ ቆሟል። ሰውየው ብዙ አያወራም። አንድ ጊዜ ብቻ ቆሞ "አንተ ግን ለምን ያንተን ግንባር ሰጠኸኝ?" አለኝ። "ሌላ በቅርብ አላገኘሁም" አልኩት። ሳቀ። ከተገናኘን ጀምሮ ከልቡ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቤት ስንደርስ እናቱ አይተውኝ ደነገጡ፤ ከዚያ ጉልበቴን ሊስሙ ጎነበሱ፤ ይዤ አነሣኋቸው። ሥዕሉ ከበሩ ትይዩ ተሰቅሏል። ጭሱ ወረቀቱን ቡናማ አድርጎታል፤ ለካ በዙሪያው ትኩስ ቄጠማ ይሰኩለት ኖሯል። በዚያች ጎጆ ግድግዳ ላይ ራሴን ተሰቅዬ አየሁት። ከልጃቸው ይልቅ እኔን ነበር የሚመስለው። እሳቸው ግን ይህን አላዩም፤ አንድም ሰው አላየውም።

በማግስቱ ጠዋት ሰውየውን ደጅ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። እናቱ አጠገቤ ተቀመጡ።

"እናቴ፣ እንደ በፊቱ ይንገሩኝ" አልኳቸው።

"ምኑን? እሱ ይኸው ተቀምጦ የለም እንዴ?"

"ቢሆንም ይንገሩኝ።"

ነጠላቸውን አጣፉ እንጂ አልነገሩኝም። እኔ ዓይኑን ጀመርኩ። ሰውየው ፊቱን ወደ ጥላው አዙሮ ስለነበር "እባክዎ ወደ ብርሃኑ ያዙሩልኝ" አልኳቸው። ተነሥተው አገጩን ይዘው አዞሩት። እጃቸው በዚያው ወደ ጆሮው ኋላ አለፈና ቆመ። ጣታቸው አንድ ነገር ፈለገ፤ አገኘ። ከጆሮው ጀርባ ከፀጉሩ ሥር የተሸበሸበ የቆየ ጠባሳ ነበር።

"ቁርቁራው!" አሉ። "ከቁርቁራው ዛፍ የወደቅህ ጊዜ!"

"አዎ" አለ ሰውየው። "አባባ ዛፉን ሊቆርጠው ነበር።"

"ደምህ እስከ ወንዙ... በጀርባዬ ተሸክሜህ..." ቃላቸው ተቆረጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ እንደ ተበደለ ሰው፣ "ይህንን ለምን አልነገርኩህም? እንዴት ይህንን ረሳሁ?" አሉኝ። ጭንቅላቱን ወደ ደረታቸው ስበው ይዘውት አለቀሱ። እኔ እርሳሱን አስቀምጬ ወደ ፍየሎቹ ሄድኩ።

ሥዕሉን ከሰዓት በኋላ ጨረስኩት። ጥርሱ የጎደለ፣ ግንባሩ ጠባብ፣ ዓይኑ የደከመ። የራሱ ፊት። የቆየውን ለማውረድ ወደ ግድግዳው ስጠጋ ግን እናቱ እጄን ያዙኝ።

"ተወው።"

"እናቴ፣ ይህ እኮ እሱ አይደለም።"

"አውቃለሁ። አሁን አውቄያለሁ። ግን ሦስት ዓመት አልቅሼበታለሁ። ሰላምታ ሰጥቼዋለሁ። የት ልጣለው?"

ሰውየው አንገቱን ደፋ። አዲሱን ከአሮጌው ጎን ሰቀልነው። እኔ ይህን ቤት ነጻ ላወጣው ነበር የመጣሁት፤ ሰውየውን ከሟቹ ጋር አንድ ግድግዳ ላይ አጎራብቼው ወጣሁ። ሲሸኘኝ እስከ ወንዙ መጣ።

"ከእኔ ጋር ትበላለች፤ ከእሱ ጋር ታወራለች" አለኝ። "ይሁን። ከበፊቱ ይሻላል።"

ስመለስ ሌላ ሰው በወንበሬ ተቀምጦ ጠበቀኝ። በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ። ደመወዜን ተቀጣሁ፤ ዕድገቴ ታገደ፤ ከእንግዲህ የግል ሥራ እንደማልሠራ በጽሑፍ እንድፈርም ተነገረኝ። ኃላፊው እስክሪብቶውን ሲያቀብለኝ ዓይኔን አላየም። ከሁለቱ እህቶቼ የታላቅየዋን ፈተና አሰብኩ፤ የእናቴን እልልታ አሰብኩ፤ ፈረምኩ።

ፊርማው ግን ሰዉን አላስቀረውም። ሰው ስለ ፈረምኩት ወረቀት ምን ያውቃል? እየመጡ መስኮቱን ይይዛሉ፤ እኔ ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ሐጂ ሱቅ ጠብቁኝ" እላለሁ። እንደ ሌባ እየተሸማቀቅሁ ዓመታት ሠራሁ። አንድ ነገር ብቻ ለወጥኩ። መስተዋቱን ተውኩት። ፎቶ የሌለው ሲመጣ የሟቹን ወንድም ወይም ልጅ ይዛችሁ ኑ እላለሁ። "ይህ እሱን ይመስላል እንጂ እሱ አይሆንም" ብዬ አስቀድሜ እናገራለሁ። አብዛኛው ሰው ግድ አልነበረውም።

በድንበሩ ጦርነት ጊዜና ከዚያ በኋላ ደግሞ ሥራው በዛ። መርዶ የመጣበት ቤት ሁሉ መታወቂያ ይዞ ይመጣል። ያን ጊዜ የሚያመጧቸው ፎቶዎች ውስጥ በካርድ ክፍሉ መስኮት ያየኋቸው ፊቶች ይገኙባቸው ጀመር፤ ከጥቂት ዓመት በፊት ለክትባት፣ ለወባ ካርድ የጻፍኩላቸው። ስለ እነሱ ብዙ ማለት አልፈልግም።

ከዚያ በኋላ ከተማዋ ፎቶ ቤት አገኘች። ባለ ቀለም ፎቶ፣ ከኋላው አበባና ፏፏቴ የተሣለበት መጋረጃ። የቆየ ፎቶም በኮምፒውተር አስፍቶ ማኅተሙን የሚያጠፋ ልጅ ገባ። በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ እኔ የሚመጣው ሰው አንድ ሁለት ሆነ፤ ከዚያ ቀረ። ነጻ የምወጣ መስሎኝ ነበር። ግን ሕመምተኛ ብቻ የቆመባትን መስኮት ሳይ፣ ከሁለቱ እስር ቤቶቼ፣ ከካርዱና ከሥዕሉ፣ የፈረሰው ሰው ስሜን ጠርቶ ይፈልገኝ የነበረበት እንደሆነ ገባኝ። የቀረኝ ካርዱ ነው። የዝውውር ጥያቄ አቀረብኩ፤ ሲፈቀድልኝ እናቴ አልጋ ይዛለች። ደብዳቤውን መለስኩ።

እናቴን ከቀበርኩ በኋላ በነበረው ዓመት፣ አንድ እሑድ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ከከተማው ወጣ አልኩ። ማንም አላዘዘኝም። ከፊቴ ተራራው አለ፣ ሣር የበቀለበት የድንጋይ አጥር አለ፣ ሁለት ሴቶች እየተሳሳቁ እንጨት ተሸክመው ያልፋሉ። እጄ ግን ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ግንባር ነው የፈለገው። ተራራውን ስጀምር ቅንድብ ይሆንብኛል፤ አጥሩ አፍ ይሆናል። ብዙ ሞከርኩ። ሁለቱ ሴቶች ሲመለሱ ቆመው አዩልኝ።

"ማን ነው?" አለችኝ አንዷ።

"ተራራው ነው።"

ወደ ተራራው አየች፤ ወደ ወረቀቱ አየች። "አይመስልም" አለችና ሳቀች።

እኔም ሳቅሁ። እውነቷን ነበር። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ሌላ ጀመርኩ፤ እሱም አልመሰለም። በማግስቱ ሰኞ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መስኮቱን ከፈትኩ።